ለአለቃ እጅ መንሻ የሆነ ስም

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ያለችው አልበከርኪ ስሟን ያገኘችው ከአንድ የስፔን መስፍን ማዕረግ ነው። ማዕረጉ ደግሞ በፖርቱጋል ድንበር አጠገብ፣ በባዳኾዝ አውራጃ ካለችው አልቡርኬርኬ የመጣ ነው። አካባቢው የቡሽ ዛፍ አገር በመሆኑ የከተማዪቱን ስም አንዳንዱ ከላቲን፣ ሌላው ከዐረብኛ እያመጣ ከዛፍ ጋር ያያይዘዋል። ወሬው ያለው ግን ከዛፉ ይልቅ ከሹመቱ ዘንድ ነው።

በ1464 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የካስቲያው ንጉሥ ኤንሪኬ 4ኛ ባለሟሉን ቤልትራን ዴ ላ ኩዌቫን የሳንቲያጎ ፈረሰኞች ማኅበር አለቃ አድርጎ ሾመው። መኳንንቱ ቱግ አሉ። ንጉሡ ሹመቱን ለማንሳት ተገደደና በካሳው አልቡርኬርኬን ሰጥቶ መስፍን አደረገው። ሐሜተኛው ልዕልት ኹዋና የንጉሡ ሳትሆን የቤልትራን ልጅ ናት ይል ነበርና «ላ ቤልትራኔኻ» የሚል ቅጽል አወጣላት። የዙፋን ጦርነት ሲነሳ ታዲያ ሰውዬው ከንጉሡ እኅት ከኢሳቤላ ጎን ተሰልፎ ልጅህ ናት በተባለችው ላይ ዘመተ። ማዕረጉም ለልጅ ልጆቹ ተረፈ።

ከሁለት ምዕት ዓመት በኋላ አሥረኛው መስፍን ፍራንሲስኮ ፈርናንዴዝ ዴ ላ ኩዌቫ በሜክሲኮ የስፔን ንጉሥ እንደራሴ ነበሩ። በ1706 የኒው ሜክሲኮ ጊዜያዊ ገዥ ፍራንሲስኮ ኩዌርቮ ኢ ቫልዴስ በሪዮ ግራንዴ ዳር ከተማ ቆርቁሬያለሁ ብሎ ጻፈ፤ ስሟም ሳን ፍራንሲስኮ ዴ አልቡርኬርኬ። ቅዱሱም ፍራንሲስኮ፣ እንደራሴውም ፍራንሲስኮ፣ ጸሐፊውም ፍራንሲስኮ! ደብዳቤው 35 አባወራ፣ 252 ነፍስ፣ ተሠርቶ ያለቀ ቤተ ክርስቲያን አለ ይላል። ሕጉ ከተማ ለመቆርቆር 30 አባወራ ይበቃል ይል ስለነበር ቁጥሩ በልክ የተሰፋ ይመስላል። በ1712 ነገሩ ሲመረመር የተቀየሰ አደባባይ እንኳ አልተገኘም፤ ሰዉ በወንዙ ዳር በየማሳው ተበታትኖ ይኖር ነበር። በወረቀት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ብላት አላጋነንኩም።

እጅ መንሻው ለተቀባዩም ጣጣ ነበረው፤ ከተማዪቱ የተቆረቆረችው ያለ ንጉሡ ፈቃድ ነዋ። እንደራሴው መላ አላጡም። ቅዱሱን ለውጠው፣ ለንጉሥ ፌሊፔ 5ኛ ክብር ሳን ፌሊፔ እንድትባል አዘዙ። የራሳቸውን ማዕረግ ግን ከስሙ አላወጡም።

ከጊዜ በኋላ የመጀመሪያዋ «ር» ወደቀች። የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሰሌዳ ሲጽፍ ገደፋት የሚል ወግ አለ፤ ነገር ግን ባቡሩ በ1880 ከመድረሱ በፊትም ያለ «ር» ተጽፋለች። ፖርቱጋሎችማ ድሮውንም እንዲያ ነበር የሚጽፉት። የቤተሰቡ መጠሪያ ከዚያችው የድንበር ከተማ የመጣው፣ በሕንድ የፖርቱጋል ገዥ የነበረው አፎንሶ ዴ አልቡኬርኬ አንዱ ነው። በ1512 የእቴጌ እሌኒን መልእክተኛ ማቴዎስን ጎዋ ላይ በክብር ተቀብሎ ወደ ፖርቱጋል የላከው እሱ ነው።