«ሎን ሬንጀር»፦ ባለ ጭምብሉ ፈረሰኛና የትግል ጓዱ ቶንቶ

በቴሌቪዥን ታሪክ ቀዳሚ ከሆኑት የካውቦይ ድራማዎች አንዱ «ሎን ሬንጀር» ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1949 በአሜሪካው ኤቢሲ ጣቢያ መታየት የጀመረው ይህ ተከታታይ ድራማ እስከ 1957 ድረስ በ221 ክፍሎች ቀርቧል። ለሁለቱ መሪ ተዋንያኑ ለክሌይተን ሙርና ለጄይ ሲልቨርሂልስ ዝናን ያተረፈላቸው ሲሆን፣ ያ ዝና ግን ለሁለቱም ያለ ዋጋ የተገኘ አልነበረም።

የታሪኩ መነሻ ሬዲዮ ነው። በ1933 በዲትሮይት ከተማ ከሚገኝ ጣቢያ መተላለፍ የጀመረው ድራማ፣ ሽፍቶች አድፍጠው ካጠቋቸው ስድስት የቴክሳስ ሕግ አስከባሪዎች መካከል በሕይወት የተረፈውን አንዱን ይተርካል። ቁስለኛውን ያዳነው ቶንቶ የተባለ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ነው። የተረፈው ሰው ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ፣ ሲልቨር በተባለው ነጭ ፈረሱ እየጋለበ፣ ከቶንቶ ጋር ለፍትሕ ይታገላል። ጥይቶቹ ከብር የተሠሩ ናቸው፤ የሚተኩሰውም ጠላቱን ትጥቅ ለማስፈታት እንጂ ለመግደል አይደለም።

በ1914 በቺካጎ የተወለደው ክሌይተን ሙር ወደ ፊልም ከመግባቱ በፊት የሰርከስ ባለሙያ ነበር። በ1952 ሚናው ለጆን ሃርት ተሰጥቶ 52 ክፍሎች ተሠሩ። ይሁን እንጂ ሃርት በተመልካች ዘንድ የሙርን ያህል ተቀባይነት አላገኘም፤ ሙርም በ1954 ወደ ቦታው ተመለሰ። ፊቱ የተሸፈነ ቢሆንም ተመልካቹ ሰውየውን ለይቶ ያውቀው ነበር።

ዋናው ተዋናይ ሲለዋወጥ ቶንቶን ሆኖ የቀጠለው ጄይ ሲልቨርሂልስ ነው። የሞሃውክ ብሔር ተወላጅ የሆነው ሲልቨርሂልስ በ1912 በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት ተወለደ፤ በወጣትነቱም የታወቀ የላክሮስ ስፖርት ተጫዋች ነበር። የነባር ሕዝቦችን ሚና ነጮች ቀለም ተቀብተው ይጫወቱ በነበረበት ዘመን የእርሱ መታየት ትልቅ እርምጃ ነበር። ለቶንቶ የተጻፈለት ንግግር ግን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር፤ ገጸ ባሕሪውም ከመሪነት ይልቅ በተከታይነት የተሣለ በመሆኑ እስከ ዛሬ ይተቻል። ሲልቨርሂልስ በ1960ዎቹ የነባር ሕዝቦች ተዋንያን የሚሠለጥኑበትን ማዕከል በሎስ አንጀለስ ከመሠረቱት አንዱ ሆኗል።

ሙር ድራማው ካበቃ በኋላም ጭምብሉን አጥልቆ በየአደባባዩ ከአድናቂዎቹ ጋር ይገናኝ ነበር። በ1979 ግን አዲስ ፊልም ሊያወጣ ያቀደው የድራማው ባለመብት ጃክ ራዘር፣ ሙር ጭምብሉን በአደባባይ እንዳያደርግ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አወጣበት። ሙር በምትኩ ትልቅ ጥቁር መነጽር እያደረገ መታየቱን ቀጠለ። በ1981 የወጣው አዲሱ ፊልም ኪሳራ ሲገጥመው፣ ጭምብሉን የመልበስ መብት በ1984 ለሙር ተመለሰለት።

ሲልቨርሂልስ በ1979 በሆሊውድ የዝነኞች ጎዳና ላይ በስሙ ኮከብ ሲቀመጥለት፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተዋንያን የመጀመሪያው ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመት ማርች ወር ላይም አረፈ። ሙር ተመሳሳዩን ክብር ያገኘው በ1987 ሲሆን፣ በኮከቡ ላይ ከስሙ ጋር የገጸ ባሕሪው ስም አብሮ ተቀርጿል። ሙር በ1999 ዲሴምበር ወር በ85 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።