የነፍሰ ጡር ሥጋትና የጥቅል ጎመኑ ምስክርነት

(በራዲዮ ከተሰጠ የታሪክ ንግግር)



ነፍሰ ጡር ሴት ባለችበት ቤት በማዕድ ጊዜ የሚነሣ አንድ የታወቀ ክርክር አለ። በሰሃን ላይ ጥሬ ሰላጣ ቀርቧል። አማት «ያማረሽን ካልቀመስሽ ለልጁም ደግ አይደለም» ይላሉ። ነፍሰ ጡሯ ግን ቅጠሉን አገላብጣ ትመለከተዋለች፤ ታጥቧል ወይ? በምን ውሃ ታጠበ? ከየት ማሳ መጣ? ብላ ትጠይቃለች፤ በመጨረሻም ሳትነካው ትተወዋለች። ባልም «የእርግዝና ጠባይ ነው» ብሎ ነገሩን በሣቅ ያሳልፈዋል።

የዛሬው ንግግራችን የዚህ ሥጋት ታሪክ ነው። ሥጋቱ መሠረት አለውን? መሠረት ካለውስ ሸክሙን ሊሸከም የሚገባው ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ታሪክ የሚሰጠው መልስ አለ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በቀድሞ ዘመን ጽንስ ሲጨነግፍ ወይም ሕፃን ሞቶ ሲወለድ፣ ምክንያቱ ከእናቲቱ ዘንድ ይፈለግ ነበር። በአገራችን ልጅ የማይበረክትላትን ሴት «ሾተላይ አለባት» ይሏት ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ይህን ስም የእናትና የጽንስ ደም ባለመስማማቱ ለሚመጣው ሕመም ሰጥተውታል፤ በጥንቱ አነጋገር ግን ሾተላይ ምክንያቱ ላልታወቀ ሐዘን የተሰጠ ስም ነበር። ምክንያቱ ባልታወቀ ጊዜም ወቀሳው በእናቲቱ ላይ ያርፍ ነበር፤ ምን በላች? የት ዋለች? ማን አያት? ይባል ነበር። ሾተላይ በሚለው ስም ሥር ብዙ ልዩ ልዩ ሕመም ተሰውሮ ኖሯል። ዛሬ የማወሳው ግን ከምግብ ጋር የሚገባውን አንዱን ሕመም ነው፤ መንገዱን ፈልጎ ለማግኘት ሊቃውንት ከ50 ዓመት በላይ ደክመውበታል።

ነገሩ የሚጀምረው በጥንቸሎች ነው። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለምርመራ የሚጠበቁ ጥንቸሎች በድንገት ታመው ሞቱ። መሪ፣ ዌብና ስዋን የሚባሉ ሦስት ሊቃውንት የገደላቸውን ባክቴሪያ ለይተው በ1926 ለዓለም አስታወቁ። በማግሥቱ ዓመት በ1927 በደቡብ አፍሪካ በጆሃንስበርግ የሚሠራው ሐኪም ፒሪ ያንኑ ባክቴሪያ በምድረ በዳ አይጦች ላይ አገኘው። ፒሪም ባክቴሪያውን በታላቁ የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪም በሎርድ ሊስተር ስም ጠራው። ሊስተር ቁስል በንጽሕና እንዲታከም ያስተማረ ሰው ነው። የንጽሕና መምህር ስም ለበሽታ አምጪ ነፍሳት መሰጠቱ ለክብሩ ታስቦ ቢሆንም፣ የሚያስገርም ዕጣ ነው። ስሙ በ1940 ተስተካክሎ ዛሬ የምናውቀው «ሊስቴሪያ» ሆነ።

በ1936 ይህ ባክቴሪያ በአሜሪካ አገር በጨቅላ ሕፃናት ላይ መገኘቱ ተጻፈ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም፣ ከ1949 ጀምሮ፣ በምሥራቅ ጀርመን በሃለ ከተማ ብዙ ሕፃናት ሞተው ሲወለዱ ወይም እንደ ተወለዱ ሲሞቱ ሐኪሞች ተመለከቱ። በ1952 የሞቱ ምክንያት ሊስቴሪያ መሆኑ ተረጋገጠ። ስለዚህ ገዳዩ ታወቀ፤ በየት በር እንደሚገባ ግን ገና አልታወቀም። አንዳንዶቹ ጥሬ ወተትን ጠረጠሩ፤ ሌሎቹ ከብትን ወይም አፈርን ጠረጠሩ፤ የሚያሳምን ማስረጃ ግን አልተገኘም። እናቶች ሐዘናቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ «ምን አድርጌ ይሆን?» እያሉ ራሳቸውን እንደ መረመሩ መገመት አያዳግትም።

ነገሩን የለወጠው በ1981 በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ የደረሰው መከራ ነው። በዚያ ዓመት ከመጋቢት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በሃሊፋክስ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ክፍላተ ሀገር 41 ሰዎች በሊስቴሪያ ታመሙ። ከእነዚህ ውስጥ ሰባቱ ብቻ ሌሎች አዋቂዎች ሲሆኑ፣ 34ቱ ነፍሰ ጡሮችና ጨቅላዎቻቸው ነበሩ። አንዳንዱ ጽንስ ጨነገፈ፤ አንዳንዱ ሞቶ ተወለደ፤ በሕይወት ከተወለዱት ውስጥም ከመቶው 27ቱ ሞቱ። እናቶቹ በአብዛኛው ከባድ ሕመም አልተሰማቸውም፤ ጉንፋን የሚመስል ትኩሳት ይዟቸው አልፎ ነበር።

የጤና ባለሥልጣናቱ የወሰዱት መንገድ ቀላል ቢመስልም ትልቅ ጥበብ ነበረበት። ከታመሙት ሰዎች ዘንድ ሄደው «ምን በላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ያንኑ ጥያቄ ላልታመሙ ሰዎችም አቀረቡ፤ ከዚያም ሁለቱን መልሶች አስተያዩ። «ምን በላሽ?» የሚለው ቃል በዚያ ጊዜ የወቀሳ ቃል መሆኑ ቀርቶ የምርመራ ቃል ሆነ። ከመልሶቹ መካከልም አንድ ምግብ ተለይቶ ወጣ፤ ይኸውም ኮልስሎ የሚባለው በጥሬው የተከተፈ የጥቅል ጎመን ሰላጣ ነው። በሃሊፋክስ ከሚገኙ ሁለት መደብሮች የተገዙ፣ ገና ያልተከፈቱ እሽጎች ሲመረመሩ ያው ባክቴሪያ በውስጣቸው ተገኘ።

መርማሪዎቹ በዚህ አልቆሙም፤ ጎመኑ ወደ በቀለበት እርሻ ተከትለው ሄዱ። ገበሬው ከጎመኑ ጋር በጎችም ያረባ ነበር። ከበጎቹም ሁለቱ፣ አንዱ በ1979፣ ሁለተኛው በ1981፣ በዚሁ በሽታ ሞተው ነበር። የበጎቹን ፍግ፣ የተብላላውንም ትኩሱንም፣ በጎመኑ ማሳ ላይ ይበትነው ነበር። በጥቅምት የተሰበሰበው ጎመን ደግሞ ክረምቱን ሙሉ በትልቅ ቀዝቃዛ መጋዘን ተከማችቶ ይቆይ ነበር።

እዚህ ላይ የዚህን ባክቴሪያ ልዩ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ በሽታ አምጪ ነፍሳት በብርድ ጊዜ እድገታቸው ይገታል፤ እኛም ምግብን በፍሪጅ የምናኖረው ስለዚህ ነው። ሊስቴሪያ ግን በፍሪጅ ብርድ ውስጥ እንኳ ቀስ እያለ ይራባል። ስለዚህ ያ ቀዝቃዛ መጋዘን ጎመኑን ከመበስበስ ጠበቀው፤ ባክቴሪያውንም ለወራት መገበው። በሌላ በኩል ሊስቴሪያ ወጥ በሚፈላበት ሙቀት ይሞታል። ያ ጎመን ተቀቅሎ ቢበላ ኖሮ ማንም ባልተጎዳ ነበር።

ነፍሰ ጡር ሴትን በተለይ የሚያጠቃበት ምክንያትም ተመርምሯል። የእናቲቱ ሰውነት ጽንሱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይጥለው፣ የመከላከያ ኀይሉን በከፊል ያለዝባል። ሊስቴሪያም ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እየተሸጋገረ የእንግዴ ልጁን አልፎ ጽንሱ ዘንድ ይደርሳል። ሕመሙ ምግቡ ከተበላ በኋላ ብዙ ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሊገለጥ ይችላል። እንግዲህ ከሁለት ወር በፊት የበላችውን ሰላጣ አስታውሳ ምክንያቱን የምታገኝ እናት ከወዴት ትመጣለች?

የሃሊፋክሱ ምርመራ በ1983 በታተመ ጊዜ፣ ሊስቴሪያ በምግብ አማካይነት ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በማያጠራጥር ሁኔታ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «እናቲቱ ምን አደረገች?» ከማለት «ይህን ምግብ ማን አዘጋጀው? ማን ሸጠው? ማን ተቆጣጠረው?» ወደ ማለት ተሻገረ።

በ1985 በካሊፎርኒያ በሎስ አንጀለስ አውራጃ የሆነው ይህን ያሳያል። ከእኛ አይብ ጋር የሚመሳሰል ነጭና ለስላሳ የሜክሲኮ ዓይነት አይብ ከበሉት ውስጥ 142 ሰዎች ታመሙ፤ ከእነዚህም 93ቱ ነፍሰ ጡሮችና ጨቅላዎች ነበሩ። ከሞቱት 48 ነፍሳት ውስጥ 30ዎቹ ጽንሶችና አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ። በሙቀት ያልታከመ ወተት ከታከመው ጋር ሳይቀላቀል እንዳልቀረ ምርመራው አመለከተ፤ አይቡም ከገበያ እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ ፋብሪካውም ተዘጋ።

አንድ ምግብ ከተሸጠ በኋላ «አትብሉት፤ መልሱት» ተብሎ የሚታወጅበት ሥርዓት እንዲህ ባለ መከራ እየጠነከረ ሄደ። ሆኖም በአሜሪካ አገር እስከ 2011 ድረስ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ከሕፃናት የዱቄት ወተት በቀር፣ ነጋዴውን ምግብህን ሰብስብ ብሎ ለማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም፤ ማድረግ የሚችለው መለመን ብቻ ነበር። ይህን ሥልጣን የሰጠው ሕግ በጥር 2011 ተፈረመ። በዚያው ዓመት መስከረም በኮሎራዶ ከአንድ እርሻ የወጣ ሜሎን በ28 ክፍላተ ሀገር 147 ሰዎችን አሳመመ፤ 33 ሰዎች ሞቱ፤ አንዲት ነፍሰ ጡርም ጽንሷ ጨነገፈ። ሜሎኑ በሚታሸግበት ቤት ወለሉ ላይ ውሃ ይቋጥር ነበር፤ መሣሪያዎቹም ለማጽዳት የማይመቹ ነበሩ። በ2013 የእርሻው ባለቤቶች ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋታቸውን አመኑ።

በአህጉራችንም የደረሰው ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ፒሪ ባክቴሪያውን ከሰየመ ከ90 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ በዚያው በጆሃንስበርግና በዙሪያው የሚሠሩ ሐኪሞች በሊስቴሪያ የታመሙ ጨቅላዎች መብዛታቸውን አስተዋሉ። ምንጩ ፖሎኒ የሚባል፣ እንደ ሞርታዴላ ሳይሞቅ የሚበላ ርካሽ የሥጋ ምግብ መሆኑን የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩ ያስታወቁት በመጋቢት 2018 ነበር። እስከ ፍጻሜው 1,060 ሰዎች መታመማቸውና 216ቱ መሞታቸው ተመዘገበ። ምግቡ ከገበያ ሲሰበሰብ የሕመምተኛው ቍጥር ወዲያው አሽቆለቆለ። አንድ ማስታወቂያ ስንት ነፍስ እንደሚያድን ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ የዘገየ ማስታወቂያም ስንት ነፍስ እንደሚያስከፍል።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያስተምረናል? አንድ ምግብ ከገበያ የሚሰበሰበው ስሙና ምንጩ በላዩ ላይ ሲጻፍ ነው። በእኛ ገበያ ግን ሰላጣና ቆስጣ በእስር ይሸጣል እንጂ የማን ማሳ እንዳበቀለው አይጻፍበትም። በአዲስ አበባም አትክልት በከተማው ፍሳሽ በተበከለ የወንዝ ውሃ፣ በተለይም በአቃቂ ወንዝ ዳር፣ እንደሚለማ ጥናቶች ገልጸዋል። ታይፎይድን፣ አሜባንና የሆድ ትልን የሚያመጣው ይኸው መንገድ ነው። መመለሻ አድራሻ የሌለውን ቅጠል «መልሱ» ብሎ ማወጅ አይቻልምና፣ ጥንቃቄው ሁሉ በነፍሰ ጡሯ ትከሻ ላይ ወድቋል።

ሥጋቱን ግን በልኩ መያዝ ያስፈልጋል። ሊስቴሪያ ነፍሰ ጡርን ከሌላው ሰው 10 ጊዜ ያህል አብልጦ ያጠቃል ቢባልም፣ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም በሽታ አይደለም፤ በመላው አሜሪካ በዓመት የሚታመሙት ከ2,000 እንደማይበልጡ ይገመታል። አትክልትን ሁሉ ፈርታ የምትተው እናት ለጽንሱ ጀርባና አንጎል መዳበር የሚያስፈልገውን ፎሌት ከምግቧ ታጎድላለች። ስለዚህ ጎመንና ቆስጣ ይብሉ፤ ነገር ግን ይቀቀሉ። ፍራፍሬ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይላጥ። ወተት ይፍላ። ያደረ ወጥ እንፋሎቱ እስኪወጣ ይሙቅ። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ልጁ እስኪወለድ ይቆዩ። ጥሬ ሰላጣውም ቢሆን ይቆይ፤ ማጠብ ተውሳክን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋምና። ትኩሳት የያዛት ነፍሰ ጡርም «ጉንፋን ነው» ብላ ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ሊስቴሪያ በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።

ይህ የእናቲቱና የቤተ ሰቡ ድርሻ ነው። የቀረው ግን የእርሷ አይደለም። የሃሊፋክሷ እናት በገዛችው እሽግ ውስጥ የታመመውን በግ ልታይ አትችልም ነበር፤ የእኛዋም እናት በእስር ሰላጣው ላይ የወንዙን ውሃ ልታይ አትችልም። ይህን የሚያዩት ማሳውን የሚያርስ ገበሬ፣ መጋዘኑን የሚጠብቅ ነጋዴ፣ ፋብሪካውን የሚመረምር ሹም፣ ማስታወቂያውን በጊዜው የሚጽፍና የሚያነብ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ከምታዳምጡኝ መካከልም ብዙዎቻችሁ በዚህ ሰንሰለት ላይ የምትገኙ ናችሁ። በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የምርመራ ወረቀት አንድ ሳምንት ሲዘገይ፣ በዚያ ሳምንት በየቤቱ ማዕድ ይቀርባል፤ ወረቀቱን የሚጠባበቁት ሰዎችም ገና ያልተወለዱ ናቸው።

በማዕድ ላይ ሰላጣውን አገላብጣ የምትመለከተው ነፍሰ ጡር እንግዲህ ልትሣቅ አይገባትም። ሌሎች ሊጠይቁት የሚገባቸውን ጥያቄ እርሷ ብቻዋን እየጠየቀች ነውና።