ኩዳ በሊኑክስ፦ የጭነት እክል ፍተሻ

ኩዳ ኤንቪዲያ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ የግራፊክስ ካርድን ለስሌት የሚያውል ሶፍትዌር ነው። በሊኑክስ ላይ ሲጫን የሚገጥመው እክል አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከኩዳ ሳይሆን ከድራይቨሩ ነው፤ ከርነሉ ሲታደስ የድራይቨሩ ሞጁል ሳይገነባ ይቀራል፣ ሴኪዩር ቡት (የኮምፒውተሩ የማስነሻ ጥበቃ) ያልተፈረመውን ሞጁል ያግዳል፣ ወይም ኑቮ የተባለው ሌላ ድራይቨር ካርዱን ቀድሞ ይይዘዋል። ስለዚህ ፍተሻው የድራይቨሩን ሁኔታ ከሚያሳየው የኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ ትእዛዝ ይጀምራል። እዚያ የሚታየው የኩዳ ቁጥር ግን (ብዙዎችን ያሳስታል) ድራይቨሩ የሚደግፈው ጣሪያ እንጂ የተጫነው አይደለም።

ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና መጫን ይቀላል የሚሉ አሉ። በሞባይል ዳታ ብዙ ጊጋባይት ለሚያወርድ ተማሪ ግን ውድ ነው፤ ሴኪዩር ቡት ካገደም ዳግም ጭነቱም ያው እክል ይገጥመዋል። የዲፕ ለርኒንግ ማዕቀፉ ፓይቶርች የኩዳ ላይብረሪዎቹን ይዞ ስለሚመጣ፣ ለተራ ተጠቃሚው ትክክለኛው ድራይቨር ብቻ ይበቃዋል።