መብራት ሲጠፋስ? የጭን አጥንት ዘንግ ታሪክ

የኮልፌ ቀራንዮ ልጆች አለርት ሆስፒታልን ሳታውቁት አትቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ሥራው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነበር፤ ዛሬ የአደጋ ተጎጂዎችንም ያክማል። እስቲ አስቡት፦ የጭን አጥንቱ የተሰበረ ሰው እንዲህ ያለ ሆስፒታል በር ላይ ደረሰ። ምን ይደረግለታል?

የቆየው መንገድ እግሩን በክብደት እየጎተቱ ለሳምንታት ማስተኛት ነው። ሰውየው የቀን ሠራተኛ ከሆነ ቤተሰቡ ምን ይበላል?

ጀርመናዊው ሐኪም ኩንትሸር እ.ኤ.አ. በ1939 በአጥንቱ ቦይ ውስጥ የብረት ዘንግ አስገባ። በኋላ ዘንጉ እንዳይሽከረከር ላይና ታቹ በብሎን መታሰር ጀመረ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፦ የታችኛው የብሎን ቀዳዳ አጥንት ውስጥ ተደብቋል። ሀብታም አገር ሐኪሙ እየሠራ በቀጥታ በሚያሳይ ራጅ ያየዋል። ማሽኑ ግን ውድ ነው፤ መብራትም ጠጋኝም ይፈልጋል።

አሜሪካዊው ሐኪም ሉዊስ ዚርክል እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይን የተባለ ድርጅት አቋቁሞ ሌላ መላ ይዞ መጣ፦ ከዘንጉ ራስ ጋር ከውጭ የሚገጠም ክንድ። የክንዱ ቀዳዳዎች ከውስጠኞቹ ትይዩ ስለሆኑ መሰርሰሪያው የት እንደሚገባ ይጠቁማሉ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም በዚህ ዘንግ ያክማል። ሐኪሞቹ የታካሚውን ራጅ ሲልኩ ድርጅቱ የተጠቀሙበትን ዘንግ በነጻ ይተካል።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። እናንተም አንድ ቀን የሆስፒታል ዕቃ ከነደፋችሁ፣ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ መብራት ሲጠፋስ ይሠራል?