የአባት ስም በሕግ ሲሰወር፦ በጎጃም የቀሩ የጣሊያን ዘሮችና የትውልድ መንደር ፍለጋ



ዛሬ የማቀርበው ጥያቄ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። በአምስቱ የጠላት ዘመን ከጎጃም እናቶችና ከጣሊያን አባቶች የተወለዱ ሰዎች፣ እንዲሁም ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው፣ ያ አባት ከየትኛው የጣሊያን መንደር እንደ መጣ እንዴት ሊያውቁ ይችላሉ? ጥያቄው ከቤተሰብ አልፎ ይሄዳል። የዘር ሐረግን በቃል የሚይዝ ማኅበረሰብ የዘር ሐረግን በወረቀት ከሚይዝ መንግሥት ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚጠፋና ምን እንደሚተርፍ ያሳየናል። የእኔ መከራከሪያ የእነዚህ አባቶች ስም የጠፋው በመዘንጋት ብቻ አይደለም የሚል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ስሙን የሰወረው ሕግ ነው፤ ፍለጋውም መጀመር ያለበት ሕጉ ከተወው ክፍተት ነው።

በመጀመሪያ የመጡት እነማን እንደ ነበሩ እንይ። ፋሺስቱ መንግሥት ኢትዮጵያን የያዘው የጣሊያንን ድሃ ገበሬ በባዕድ መሬት ላይ አሰፍራለሁ እያለ ነበር። የሮማኛ ገበሬዎች በወገራ፣ የፑሊያ ገበሬዎች በጨርጨር፣ የቬኔቶ ገበሬዎች በጅማ አካባቢ እንዲሰፍሩ የሰፈራ ድርጅቶች ተቋቋሙ። እነዚህ ሰፋሪዎች ከየትኛው የጣሊያን ክፍል እንደ ተመለመሉ የድርጅቱ ስም ራሱ ስለሚናገር፣ የዘራቸው ፍለጋ መነሻ አለው። የጎጃም ነገር የተለየ ነው። ደብረ ማርቆስ በግንቦት 1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ብትወድቅም፣ የነደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ የነደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ የነልጅ ኃይሉ በለውና የነበላይ ዘለቀ ተጋድሎ ጣሊያኖቹን በምሽግና በመንገድ ዳር አግዶ አስቀራቸው። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በዳንግላና በመሳሰሉት ከተሞች የኖረው ጣሊያን በአብዛኛው ሶላቶ፣ መኮንን፣ የመኪና ነጂ ወይም የመንገድ ሠራተኛ ነበር። በአንድ ምሽግ ውስጥ የሲሲሊያ እረኛና የፒየሞንቴ አናጢ አብረው ሊያድሩ ስለሚችሉ፣ የምሽጉ ስም ብቻውን የትውልድ መንደር አይነግረንም።

ሁለተኛው ነገር ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 19 ቀን 1937 የወጣው የንጉሣዊ አዋጅ ቁጥር 880 አንድ የጣሊያን ዜጋ ከቅኝ ተገዢ ጋር በትዳር መልክ ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ቅጣቱ የተነጣጠረበትን ነገር ልብ በሉ። ሕጉ ለአንድ ሌሊት በገንዘብ የሚደረገውን ግንኙነት አልከለከለም፤ የከለከለው አብሮ መብላትን፣ አብሮ መኖርን፣ መተሳሰብን ነበር። ዳኞች ተከሳሹ ሴቲቱን እንደ ሚስት አይቷት እንደ ሆነ ይመረምሩ ነበር። ከዚህ የተነሣ ስሙን ለመደበቅ ብርቱ ምክንያት የነበረው ጥሎ የሚሄደው ሰው ሳይሆን ቤት ሠርቶ ልጁን ለማሳደግ የፈለገው ሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 13 ቀን 1940 የወጣው ሕግ ቁጥር 822 ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄደ። ክልስ ልጅ የአገሬው ተወላጅ ሆኖ እንዲቆጠር፣ ጣሊያናዊው ወላጅ ልጁን በሕግ እንዳይቀበል፣ ልጁም የአባቱን የቤተሰብ ስም እንዳይዝ፣ የማሳደጉም ሸክም በአገሬው ወላጅ ላይ እንዲወድቅ አዘዘ። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1947 ተሽሯል። በዚያን ጊዜ ግን ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ከተማረኩት አባቶች ብዙዎቹ በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በሕንድ የምርኮኛ ሰፈሮች አልፈው ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። ሕጉ ቢሻርም ያልተጻፈው ስም ሳይጻፍ ቀረ።

ታዲያ ልጁ በጎጃም ምን ሆኖ አደገ? ዘልፋና ስድብ እንዳልቀረለት አልክድም። ሆኖም የጎጃም የርስት ሥርዓት አንድ በር ክፍት ትቶለት ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ባደረገው ጥናትና እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ የርስት መብት ከአቅኚው አባት ጀምሮ በወንድም በሴትም በኩል ይቆጠራል። እናቱ የምትወርስበት መሬት ካለ ልጁም በእናቱ በኩል ተወላጅ ነኝ ብሎ መከራከር ይችላል። የሮማ ሕግ ልጁን ወደ እናቱ የገፋው ሊያዋርደው ብሎ ነበር፤ የጎጃም ሥርዓት ግን በዚያው በእናቱ በኩል ባለ አገር አደረገው። መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት እስኪሆን ድረስ ትውልድ መቁጠር መሬት ማስከበር ነበርና፣ የእናት ወገን ሐረግ በጥንቃቄ ተጠበቀ። በአባት ስም ፋንታ የእናት አባት ስም የገባውም ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ፈላጊው የሚገጥመውን ችግር በምሳሌ ላስረዳ። ቤተሰቡ አባትየው «ጆቫኒ» ይባል እንደ ነበር ያስታውሳል እንበል። በእኛ አጠራር ዋናው የሰውየው የራሱ ስም ነው፤ በጣሊያን መዝገብ ግን ሰው የሚፈለገው በቤተሰብ ስሙ፣ በትውልድ ዓመቱና በተወለደበት ኮሙኔ ነው። እኛ የያዝነው የመዝገቡን ቁልፍ ሳይሆን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሚጋሩትን ስም ነው። ከዚህም የባሰ አለ፤ «ካፒታኖ»፣ «ቴኔንቴ»፣ «ማሬሻሎ» የሚሉት ቃላት ማዕረግ ናቸውና እንደ ስም ተይዘው ሊወርዱ ይችላሉ። በቤተሰብ ወግ «የጣሊያን ወታደር» የተባለው ሰውም ከኤርትራ የመጣ አስካሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቃል ማስረጃ ሲሰበሰብ ስሙን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ሥራው ምን ነበር? በየትኛው ምሽግ ነበር? ከማን ጋር ወጣ? በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ካፈገፈገው ከኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ጋር ሄደ ወይስ ቀድሞ ሄደ? ልጁ ክርስትና የተነሣው በየትኛው ደብር ነው? የክርስትና አባቱስ ማን ነበር?

እነዚህ መልሶች ሲገኙ የወረቀቱ መንገድ ይከፈታል። በጣሊያን ለውትድርና የተመዘገበ ወንድ ሁሉ የግል መዝገብ አለው፤ መዝገቡ የትውልድ ቦታውን፣ የወላጆቹን ስም፣ ሙያውን፣ ቁመቱንና የዘመተበትን ግንባር ይዘረዝራል። ከዘመናት በኋላም በየአውራጃው ወደሚገኘው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይገባል። በጄኔቭ ያለው ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ምርኮኞች መረጃ ይዟል። የትውልድ መንደሩ ከታወቀ ደግሞ «አንቴናቲ»፣ ማለትም ቅድመ አያቶች፣ የተባለው የጣሊያን ቤተ መዛግብት የመረጃ መረብ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦችን ምስል በነጻ ያሳያል። አንድ ምፀት ልጨምር። ጎጃም በዚያ ዘመን ከጎንደር ይተዳደር ነበር፤ በጎንደርና በአዲስ አበባ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ 880 የተከሰሱ ጣሊያኖች ፋይሎችም ስም ይዘዋል። ግንኙነቱን ሊያጠፋ የወጣው ሕግ አንዳንድ ጊዜ ብቸኛው የጽሑፍ ምስክሩ ሆኖ ተገኝቷል።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። አንደኛው የምግባር ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ከፍቅር፣ አንዳንዶቹ ከችግር፣ አንዳንዶቹም ከግፍ ተወልደዋል። ተመራማሪው የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ መወሰን አይገባውም። እናትየው ዝም ብላ ከነበረ ዝምታዋ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ሊከበርም ይገባል። የአባትን መንደር ማግኘት የእናትን ቃል የሚሸፍን መሆን የለበትም።

ሁለተኛው የጊዜ ነው። በጣሊያን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 270 መሠረት ልጁ አባትነት በፍርድ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብቱ በይርጋ አይታገድም፤ ልጁ ክስ ሳይጀምር ቢሞት ግን ተወላጆቹ ያላቸው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ ቁጥር 74 ደግሞ በዘር የሚተላለፈውን ዜግነት አጥብቦታል። ፓስፖርት የማይፈልግ ቤተሰብ እንኳ ከዚህ የሚረዳው ነገር አለ። በጠላት ዘመን የተወለዱት ዛሬ ከሰማንያ ዓመት በላይ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር የሚሄደው ቃል በየትኛውም ቤተ መዛግብት ቅጂ የለውም።

ስለዚህ ለታሪክ ተማሪዎቻችን የምለው ይህን ነው። የሮማውን መዝገብ ነገም ታገኙታላችሁ። የቡሬዋን፣ የዳንግላዋን፣ የደብረ ማርቆሷን አሮጊት ግን ዛሬ ሄዳችሁ ስሟቸው፤ የተናገሩትንም ከነአነጋገራቸው፣ ከነቀኑና ከነቦታው ጻፉ። የአባትየው መንደር የሚገኘው በጣሊያን ወረቀት ላይ ቢሆንም፣ የትኛውን ወረቀት እንደምንከፍት የሚነግረን እዚህ ያለው ቃል ነው።