ራስ የማይሸነፉበት ሰንጠረዥ

እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ከመኳንንቶቻቸው ጋር ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልክቷል። እንደ ጻፈው ከሆነ ጨዋታው ጸጥታ የሰፈነበት አልነበረም። የተቃራኒውን ጠጠር የሚበላ ሰው በኃይል መትቶ ከቦታው ያፈናቅለዋል። በዙሪያው ያለው ሁሉ፣ ባሪያው ሳይቀር፣ እየጮኸ ይመክራል፤ ጠጠሩንም በእጁ አንሥቶ የሚሻለውን አካሄድ ያሳያል። ሶልትን አንድ ነገር ግን አላመለጠውም። ያ ሁሉ ሰው በብልሃት እያደረገ ጨዋታው ሁልጊዜ በራስ ድል እንዲያልቅ ያደርግ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ጨዋታን የሚመክር ሰው የሚመክረው ለማን ነው? ለጨዋታው ወይስ ለጌታው?

የሰንጠረዥ ደንብ ራሱ ጌታ አያውቅም። ጨዋታው የሚጀመረው በወረራ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው እንደ ፈጠነ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ የሚገባው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ማሸነፍም ብቻውን አያስመሰግንም። በብርቱዎቹ ጠጠሮች ንጉሡን መያዝ እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ ደካሞቹን አስተባብሮ መያዝ ግን ያስከብራል። ጭፍራው ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ ደግሞ አይያዝም። በጎንደር አካባቢ ለዓመታት የኖረውና በ1860 እዚያው አጠገብ ቆስሎ የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለ ጨዋታው ጽፎ አልፏል፤ በ1971 ደግሞ ሪቻርድ ፓንክረስት ታሪኩንና ደንቡን አሰባስበው አሳትመዋል።

ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም የሚለውን ደንብ ያነበበ ሰው የጎንደር ነገር ትዝ ሳይለው አይቀርም። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 ዐፄ ኢዮአስን አስገድለው በመጀመሪያ ሽማግሌውን ዐፄ ዮሐንስን፣ ወዲያውም ልጃቸውን ዐፄ ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ከዚያ በኋላ እስከ 1855 ድረስ በፋሲል ግቢ የተቀመጡት ነገሥታት ጭፍራ የሌላቸው ነበሩ። አንዱ ራስ ያነሣቸዋል፣ ሌላው ያስቀምጣቸዋል፤ ከገበታው ጨርሶ የሚያወጣቸው ግን አልነበረም። ራሶቹ እርስ በርስ ሲወራረሩ በየድንኳኑ መካሪ ሞልቶ ነበር። የጠፋው ዳኛ ነው።

በዚያው ዘመን በአውሮጳ ከዚሁ ከሰንጠረዥ ሌላ ጨዋታ እየተወለደ ነበር። በ1780 ሄልቪግ የተባለ ጀርመናዊ መምህር ገበታውን አስፍቶ የጦር ጨዋታ አደረገው። በ1824 ራይስቪትስ የተባለው የፕሩሲያ መኮንን ባወጣው ደንብ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ትእዛዛቸውን ለአንድ ዳኛ ይሰጣሉ፤ ማን ምን እንዳየና ማን እንደ ተመታ የሚወስነው ዳኛው ነው። በ1876 ፌርዲ ዱ ቬርኗ የተባለው ሌላ መኮንን የደንቡ ብዛት ቀርቶ ዳኛው በልምዱ ይፍረድ አለ። ከጦር ጨዋታ ወዳጆች መካከል አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ አሳተሙ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ጠንቋይ፣ አንዱ ሌባ ይሆናል፤ አንድ መሪ ደግሞ ዓለሙን ይተርካል፣ ይዳኛልም።

ይህ መሪ ከራስ ወልደ ሥላሴ የበለጠ ሥልጣን አለው። የተደበቀውን ሁሉ ያውቃል፣ የፈለገውን ጭራቅ ያስነሣል፣ ቢሻው ሁሉንም በአንድ ቃል ይገድላል። ስለዚህም ምክር አስፈለገው። በ1979 «ድራጎን» በተባለው የጨዋታው መጽሔት ጂን ዌልስ የደንብ ጥያቄ ለሚልኩ አንባቢዎች መልስ የምትሰጥበትን ዓምድ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ለጨዋታ መሪዎች የተጻፈው ምክር ብዙ ነው፤ ተደጋግሞ የሚመጣው ግን አንድ ሐሳብ ነው። አንተ የተጫዋቾቹ ተቃራኒ አይደለህም። ወዳጅህን አታስበልጥ፣ ያሰብከውን መንገድ ተጫዋች ሲያፈርስብህ አትቆጣ፣ የመረጡት ነገር ውጤት ይኑረው። ባጭሩ፣ ራስ ሁልጊዜ እንዳያሸንፉ።

እዚህ ላይ ነው የሁለቱ ምክር ልዩነት። በራስ ድንኳን ምክሩ ከታች ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ዓላማውም ባለሥልጣኑን ማስደሰት ነው። የዓምዱ ምክር ባለሥልጣኑን ልጓም የሚያስገባ ነው። እንዲህ ያለው ጥበብ ለእኛ ባዕድ ነው ለማለት ግን አይቻልም። በጎንደር ደጋ እሳት ዙሪያ እንቆቅልሽ ተጫውቶ ያደገ ሰው ያውቀዋል። መልሱን ያጣ ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጠያቂው የሚወደው አገር እስኪሰጠው ድረስ ይጠራል። ጎንደርን የተሰጠ ልጅ ያን ሌሊት ንጉሥ ሆኖ ያድራል። ነገ ማታ መልስ ካጣ ግን ጎንደርን መልሶ ይሰጣል፤ አባቱ ማንም ቢሆን።