የኮምፒውተር መምህሩ ሁለተኛ ሥራ

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር መምህር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ የሰፈረው ማስተማር ነው። ሁለተኛው በድልድሉ ላይ አይገኝም፦ የርዕሰ መምህሩን ፕሪንተር ማስተካከል፣ የጸሐፊዋን ፋይል ከቫይረስ ማትረፍ፣ ላብ ውስጥ አልነሳ ያለውን ኮምፒውተር ፈትቶ መግጠም፣ የመምህራንን የማርክ ሊስት በኤክሴል ማዘጋጀት፣ ተማሪዎችን ለብሔራዊ ፈተና በኦንላይን መመዝገብ። ይህ ሥራ በመመሪያ ወይም በሹመት አልተጀመረም። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ወደ ትምህርት ቤት የገቡት መሣሪያዎች አብዛኞቹ የሚንከባከባቸው ባለሙያ አብሯቸው ስላልመጣ፣ ሸክሙ ዓመት በዓመት እየተደራረበ በአንድ ሰው ላይ አረፈ።

ከኮምፒውተር በፊት

ትምህርት ቤቶች ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር የተዋወቁት ከኮምፒውተር ብዙ ዓመት ቀድመው ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለተማሪዎች የተዘጋጁ ትምህርቶች በስክሪን መታየት ጀመሩ፤ የትምህርት በሬዲዮ ስርጭትም በየክፍለ ሀገሩ ይደመጥ ነበር። በቢሮ በኩል ደግሞ የጽሕፈት መኪናና የስቴንስል ማባዣ ነበሩ። የፈተና ወረቀት በስቴንስል ይመታል፣ በማባዣው ሲሊንደር ላይ ይጠመጠማል፣ በእጅ እየተሽከረከረ ይባዛል። ቀለሙ ሲፈስ ወይም ስቴንስሉ ሲቀደድ የፈተናው ቀን ይናጋል።

በደርግ ዘመን የተስፋፉት የፔዳጎጂካል ማዕከላት የትምህርት መርጃዎችን የሚያዘጋጁና የሚያኖሩ ክፍሎች ነበሩ። ሬዲዮው ሲበላሽ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠራው የፊዚክስ መምህሩ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ የሚያስተምር ሰው ኤሌክትሪክ ነክ የሆነውን ሁሉ ይጠግናል የሚለው እምነት ኮምፒውተር ሲመጣ አዲስ ባለቤት አገኘ።

ኮምፒውተር በመጀመሪያ ወደ ቢሮ ገባ

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው በ1989 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች የግል የኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች እየበዙ ሄዱ። ዶስ፣ ዊንዶውስ፣ ወርድ፣ ኤክሴልና ለሒሳብ ሠራተኞች ፔችትሪ የሚያስተምሩት እነዚህ ማሠልጠኛዎች ለብዙ መምህራን የመጀመሪያው የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ሆኑ።

በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የተቀመጠው በተማሪዎች ፊት ሳይሆን በጽሕፈት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ፈተናና ደብዳቤ ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር የጸሐፊዋ ችግሮችም ተለወጡ፦ ፕሪንተሩ ወረቀት ይበላል፣ ፍሎፒ ዲስኩ አልከፈት ይላል፣ መብራት ሲሄድ ሳይቀመጥ የቀረው ሥራ ይጠፋል። ማሠልጠኛ ገብቶ ሰርተፊኬት የያዘ መምህር ካለ፣ የሒሳብም ይሁን የፊዚክስ ወይም የጂኦግራፊ፣ ወደ ቢሮ ይጠራል። የኮምፒውተር ትምህርት በክፍል ውስጥ ሳይጀመር የኮምፒውተር ጥገና በቢሮ ተጀመረ።

የፕላዝማው ዘመን

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ነው። መንግሥት ስኩልኔት በተባለው መረብ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በመላ አገሪቱ ለሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማዳረስ ጀመረ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁት የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂ፣ የእንግሊዝኛና የሥነ ዜጋ ትምህርቶች በየክፍሉ በተተከሉ ስክሪኖች ይታዩ ነበር። ተማሪውም መምህሩም መሣሪያውን በአጭሩ «ፕላዝማ» አሉት።

ፕላዝማ ትምህርት ቤቶችን በአንድ ጊዜ ከሰሐን አንቴና፣ ከሪሲቨር፣ ከረጅም ኬብልና ከቮልቴጅ መዋዠቅ ጋር አገናኘ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው የስክሪኑ መምህር ነበር፤ በክፍሉ ያለው መምህር መግቢያና ማጠቃለያ ይሰጣል። ስርጭቱ በተወሰነለት ሰዓት ይተላለፋል፣ ካለፈም አለፈ። መብራት የጠፋበት ወይም ሲግናል የተቋረጠበት ክፍል የዚያን ቀን ትምህርት መልሶ አያገኝም። ስለዚህ ብልሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ከቢሮ ጉዳይነት ወጥቶ የትምህርት ጉዳይ ሆነ። በአንድ ክፍል ምስል ጠፍቶ ድምፅ ብቻ ሲቀር፣ ስድሳና ሰባ ተማሪ ቴክኒክ የሚያውቀውን ሰው በር በሩን እያየ ይጠብቃል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ቴክኒሻን ተመደበላቸው፤ በሌሎቹ ኃላፊነቱ ኮምፒውተር ወደሚያውቀው መምህር ዞረ።

አይሲቲ የትምህርት ዓይነት ሲሆን

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ሲሻሻል የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ፣ በተለምዶ አይሲቲ የሚባለው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የራሱ መጽሐፍ ያለው የትምህርት ዓይነት ሆነ። «የኮምፒውተር መምህር» የሚለው መጠሪያ በትምህርት ቤቱ መዋቅር ውስጥ ቦታ ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስና በኢንፎርሜሽን ሳይንስ የተመረቁ ወጣቶች ተመደቡ።

ለአንድ ክፍል በሳምንት የሚደርሰው ክፍለ ጊዜ ጥቂት ስለነበር አንድ መምህር ብዙ ክፍሎችን ይይዛል። አሥር ክፍል የሚያስተምር መምህር በየክፍሉ 50 ተማሪ ቢኖር የ500 ተማሪዎችን ማርክ ያርማል። ላብ ውስጥ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ሃያ ወይም ሠላሳ ከሆኑ በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ኪቦርድ ለሁለትና ለሦስት ተማሪ ይደርሳል፤ አንድ ኮምፒውተር በተበላሸ ቁጥር ደግሞ ሁለት ሦስት ተማሪ ቆሞ ይቀራል። ለዚህ ነው መምህሩ ጥገናን «ሥራዬ አይደለም» ብሎ መተው ያልቻለው። የሚጠግነው ላብ የሚያስተምርበት ክፍሉ ነው።

የኮምፒውተሮቹ ምንጭ የተለያየ ነበር። ከመንግሥት በጀት የተገዙ፣ ከወላጆች መዋጮ የመጡ፣ በውጭ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች የላኳቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአየርላንድ የተመሠረተው ካማራ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በድርጅቶች ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን አድሶ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሲልክ ከዊንዶውስ በተለየው ኡቡንቱ በተባለ ሥርዓተ ክወና የሚሠሩ ማሽኖች ወደ ላቦች ገቡ። ኡቡንቱ በዊንዶውስ ቫይረሶች አይያዝም፤ መጽሐፉና የመምህሩ ሥልጠና ግን በአብዛኛው በዊንዶውስ ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። ስለዚህ በአንድ ላብ ውስጥ ዕድሜያቸውም አሠራራቸውም የማይመሳሰል ማሽኖች ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አንዱን የሚያድነው መድኃኒት ለሌላው አይሠራም።

የላቡ ውሎ

የላቡ ዋና ጠላቶች አቧራ፣ መብራትና ፍላሽ ናቸው። አቧራን ለመከላከል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ጫማውን በር ላይ አውልቆ እንዲገባ ደንብ አወጡ፤ ኮምፒውተሮቹም ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ በጨርቅ ይሸፈናሉ። ደንቡ ላቡን የተለየና የተከበረ ክፍል አደረገው።

የመብራት ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ኃይል ሲዋዥቅ በመጀመሪያ የሚቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ስታቢላይዘር ያለው ላብ በከፊል ይድናል፤ የዩፒኤስ ባትሪ ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይሞትና ዕቃው የኬብል ማስረዘሚያ ሆኖ ይቀራል። መለዋወጫ ለመግዛት የዕቃ ዝርዝር ይጻፋል፣ ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ግዥው እስኪጸድቅ ይጠበቃል። ወረቀቱ እስኪያልቅ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ መምህሩ ከሞቱት ማሽኖች ዕቃ እየነቀለ ሌላውን ያስነሳል፦ ከአንዱ ፓወር ሰፕላይ፣ ከሌላው ሃርድ ዲስክ፣ ከሦስተኛው ራም።

የራም ጥገና የዚህን ሙያ ጠባይ በደንብ ያሳያል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ስክሪኑ ጨልሞ ተደጋጋሚ የጡሩምባ ድምፅ ካሰማ መምህሩ ገመዱን ነቅሎ ሽፋኑን ይፈታል። ሁለቱን ማያያዣዎች ወደ ውጭ ገፍቶ ራሙን ያወጣና የወርቅማ ቀለም ያላቸውን ጥርሶች በተማሪ ላጲስ በቀስታ ያሻቸዋል። ኦክሳይዱ ይለቃል። ፍርፋሪውን አራግፎ፣ መቀመጫውን በብሩሽ ጠርጎ፣ ራሙን ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ይጫነዋል። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ይነሳል። የጥገናው ወጪ አንድ ላጲስ ነው፤ ዕውቀቱ ግን ከመምህር ወደ መምህር በእጅ የተላለፈ ነው።

ቀኑን የማያውቅ ኮምፒውተርም አለ። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስታልቅ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ኢንተርኔት ሲገኝም ድረ ገጾች ማስጠንቀቂያ እያሳዩ አልከፈት ይላሉ። ቀኑን ማስተካከል ችግሩን ለዕለቱ ይፈታል፤ ባትሪዋ ካልተለወጠች ግን በማግስቱ ይመለሳል።

ሦስተኛው ጠላት ፍላሽ ነው። ኢንተርኔት ባልነበረበት ወይም ደካማ በሆነበት ዘመን ፈተና፣ መጽሐፍ፣ ፊልምና ዘፈን ከሰው ወደ ሰው የሚዞረው በፍላሽ ነበር፤ ቫይረስም አብሮ ይዞራል። በጣም የታወቀው ፋይሎችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ነው። ባለቤቱ ፋይሉ የጠፋ መስሎት ይደነግጣል። መምህሩ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት አትሪብ የሚባለውን ትእዛዝ ጽፎ የተደበቁትን ይገልጣቸዋል፣ ከዚያ ሾርትከቶቹን ያጠፋል። ይህ ዘዴ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለመምህሩ ትልቅ ስም አስገኝቶለታል፤ የሥራውን ብዛትም ጨምሮበታል። በላቡ በኩል ደግሞ ዲፕ ፍሪዝ የተባለው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ስለሚያደርግ ለብዙ መምህራን እፎይታ ሆነ።

ፊደልና ሮስተር

የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ የተለየ ችግር ነበረው። ግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደል ኮዶች ላይ አስቀምጠው ነበር፤ አንዳንዶቹም ከዚያ በኋላ ለዓመታት አገልግለዋል። በጽሕፈት ክፍል ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዱ በሆነው በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፈተና ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። በፈተና ሳምንት ጸሐፊዋና መምህራኑ በጭንቀት የሚጠሩት የኮምፒውተር መምህሩን ነው። እሱም ፎንቱን በፍላሽ አምጥቶ ይጭናል።

በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ የተማሪ ስም ዝርዝር በፊደል ተራ አልደረደር ይል ነበር፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሚያየው ሀሁን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የላቲን ኮድ ነው። ጉዳዩ የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ ከሆነው ከሮስተር ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ቀድሞ የክፍል ኃላፊ መምህር በየሴሚስተሩ መጨረሻ የእያንዳንዱን ተማሪ ድምር፣ አማካይና ደረጃ በእጅ እያሰላ ሌሊት ያድር ነበር። የኮምፒውተር መምህሩ በኤክሴል ያዘጋጀው ሠንጠረዥ ይህን የቀናት ሥራ ወደ ሰዓታት አወረደው። ይሁንና ማርክ ሲስተካከል ወይም ቀመር ሲሰረዝ ሁሉም ወደ እሱ ይመለሳል፤ የሴሚስተር መጨረሻ ለሌላው መምህር ሲቀል ለእሱ ከበደ።

የፊርማው ዕዳ

የላቡ ንብረት በመምህሩ ስም ይመዘገባል። ዕቃው ወደ ንብረት ክፍል በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ ወደ ላቡ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፣ የተረካቢው ፊርማ የመምህሩ ነው። ከሠላሳ ኮምፒውተር ራም ቢጠፋ ወይም ማውዝ ቢጎድል ተጠያቂው እሱ ነው፤ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወርም ክሊራንስ ለማግኘት ቆጥሮ ማስረከብ አለበት። አንዳንድ ላቦች አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፈው የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ንብረቱን በግል የሚያስጠይቅ፣ ለጥገናው ግን ሰዓትና በጀት የማይሰጥ አሠራር ጥንቃቄን ወደ ፍርሃት ይለውጣል፤ የሚጎዳው ደግሞ ተማሪው ነው።

ወደ ኦንላይን

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ መምህራን ማስታወሻና የቤት ሥራ በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ቻናል የመክፈት፣ ወረቀትን ወደ ፒዲኤፍ የመለወጥና ለባልደረቦች በስልክ የማስረዳት ሥራ በብዙ ቦታ በኮምፒውተር መምህሩ ላይ ወደቀ። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ምዝገባ ኦንላይን ሲሆን የስም ፊደል፣ የልደት ቀንና ፎቶ ማስገባት ተጨመረበት። እዚህ ላይ የሚፈጠር ስሕተት የተማሪውን ሰርተፊኬት ስለሚነካ ሥራው ከጥገና የከበደ ኃላፊነት አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናው በከፊል በኦንላይን ሲሰጥ የላቡ ጤንነት በቀጥታ የተማሪ ዕጣ ፈንታ ጉዳይ ሆነ። በዚያው ወር ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በትብብር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በትምህርት ቤቶች አዲስ የምዝገባና የእገዛ ጥያቄ ይዞ መጣ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ለሙያው አንድ ጠቃሚ እርምጃ አለው፦ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ውስጥ ጥገናና ብልሽት ፍለጋ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሆኗል። መምህሩ ለዓመታት ብቻውን ሲሠራው የነበረውን ተማሪዎቹ በወግ እንዲማሩት መንገድ ተከፍቷል። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የአይሲቲ ክበብ አባላት ኮምፒውተር በማጽዳት፣ ፎንት በመጫንና ታናናሾቻቸውን በመርዳት መምህሩን ያግዛሉ፤ ከእነሱ መካከል ጥገናን መተዳደሪያቸው ያደረጉም አሉ።

ይህ ታሪክ የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ነው። የትምህርት ቤቶች ቴክኖሎጂ እስከ ዛሬ የቆመው በግዥ ብቻ ሳይሆን ባልተቆጠረ የመምህር ጉልበት ነው። ማሽን ሲገዛ የጥገናው ሰዓት በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ከተቆጠረ፣ የመለዋወጫ በጀት አብሮ ከተያዘ፣ ሰፊ ላብ ላለው ትምህርት ቤትም ቴክኒሻን ከተመደበ፣ የኮምፒውተር መምህሩ ሙሉ ጊዜውን ለማስተማር ያገኛል፤ ላቡም ሳይቆለፍ ይውላል።